የካውሰር ሰባት ተጠርጣሪዎች

ሻርማርኬ የሞተው ሐሙስ አሥር ሰዓት ገደማ ነው፤ ለዐስር ሰላት ውዱእ አድርጎ፣ እጅ እግሩን ታጥቦ፣ ወደ መስጊድ ከመውጣቱ በፊት አንድ ጉንጭ ቀዝቃዛ ውሃ ሊጠጣ ፍሪጁን ሲከፍት።

ምክትል ኢንስፔክተር ኬሪያ ስትደርስ ሬሳው ከፍሪጁ ሥር አልተነሣም ነበር። ባዶ እግሩን ነው። የረገጠው ሲሚንቶ ገና እርጥብ ነው። ቀኝ መዳፉ ላይ የበሩ እጀታ በጥቁር ታትሟል። ከፍሪጁ ጀርባ የሚወርደው የኤሌክትሪክ ገመድ አንድ ቦታ ላይ ሽፋኑ ተበልቶ፣ ራቁቱን የቀረው መዳብ የፍሪጁን ቆርቆሮ ተደግፏል።

ማን ገደለው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሰፈሩ ከፖሊስ ቀድሞ ፍርዱን ጨርሶ ነበር። ገዳዮቹ ሰባት ናቸው፤ ፀጉራም ናቸው፤ ጅራት የላቸውም፤ አሁን በግቢው ጥግ ሣር እየበሉ ነው።

እነዚህ ሰባት ፍጥረታት በመጽሐፍ ስማቸው የጊኒ አሳማ ይባላሉ። አሳማ አይደሉም፤ ጊኒንም አይተዋት አያውቁም። ጅግጅጋ ውስጥ የከብት በሽታ ይመረመርበት የነበረ አንድ ላቦራቶሪ ሲዘጋ፣ ሠራተኛው ወንበርና ጠረጴዛ ሲካፈል፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ካውሰር፣ የሻርማርኬ ሚስት፣ ሁለቱን በካርቶን ይዛ ወጣች። ሁለቱ ተዋለዱ። ድመትና ጭልፊት ግብራቸውን ወስደው የተዉላት ሰባት ናቸው። የስማቸው ሁለተኛው ቃል በሰፈሩ የተሰማ ጊዜ ካውሰር ለአንድ ሳምንት ሰላምታ የሚመልስላት አጣች። በስምንተኛው ቀን ራሷ ሰላምታ ማቅረብ አቆመች። «ጊኒዎቼ» ብላ ትጠራቸዋለች፤ ሌላው ሰው «አሳማዎቿ» ይላቸዋል።

የሚያሳማ ጥፋትም ነበረባቸው። ያኝካሉ። የምንጣፍ ዘርፍ፣ የነጠላ ጫማ ተረከዝ፣ የበርጩማ እግር፣ የመጋረጃ ጠርዝ አይምሩም። ባለፈው ረመዳን ሰፈሩ «አደር»፣ አጎት፣ የሚላቸው የጎረቤቱ ሽማግሌ ዐቦኮር ሊፈርዱ መጥተው ከተቀመጡበት ሲነሡ የከዘራቸው ጫፍ ተበልቶ አገኙት። ስለዚህ የተበላ ገመድ ሲገኝ ምስክር አላስፈለገም።

ሬሳው ለእጥበት ሲነሣ የሟቹ ታናሽ ወንድም ዐብዲኑር ጆንያ ይዞ ወደ ግቢው ጥግ ሄደ። ካውሰር የእንስሳቱ በረት በር ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ዘነዘና አለ።

«ተነሺ» አላት። «ዛሬ እነሱ ይወጣሉ። ነገ አንቺ ትወጫለሽ።»

«ዒዳ ላይ ነኝ። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም። ሃይማኖቱን ከተውከው ንገረኝና ልወቅ።»

«እነሱ ዒዳ የለባቸውም።»

«የኔን እየተቀመጡልኝ ነው።»

«ወንድሜን የገደለ አውሬ ወንድሜ ቤት አያድርም፣ ወላሂ።»

ካውሰር ዘነዘናውን ከጭኗ አንስታ መሬት ላይ አቆመችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ቤቱን ብሎኬት በብሎኬት አብሬው ነው የሠራሁት። አንተ ያኔ ቀብሪበያ ጫት ቤት ነበርክ። ቅረብና ሞክረኝ።»

«ጆንያውን አስቀምጥ» አለች ኬሪያ ከኋላው። «ተጠርጣሪዎቹ በሕግ ጥላ ሥር ናቸው።»

*

አዛዡ ሪፖርቱን ጽፎ ጨርሶ ነበር። ከኬሪያ የሚፈልገው ፊርማ ብቻ ነው።

«‹በቤት እንስሳ ጥርስ በተበላ ገመድ ምክንያት የደረሰ ድንገተኛ አደጋ።› አጭርና ግልጽ ነው። ፈርሚና ዝጊው።»

«ሰባት ተጠርጣሪ ይዤ አንዱንም ሳልጠይቅ?»

«ምን ብለሽ ልትጠይቂ?»

«አፋችሁን ክፈቱ እላለሁ።»

አዛዡ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ኬሪያ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ጥፋቱ የሴትዮዋ እንስሳት ነው ከተባለ ቤቱን ለሟች ወንድም ለቃ ዒዳዋን እናቷ ቤት ትጨርሳለች። ተስማምተዋል። ሰላም የሆነ ነገር ነው፤ አትበጥብጪው።»

«እሷ ተስማማች?»

«እሷን የጠየቃት የለም።»

«እኔንም የጠየቀኝ የለም፤ አልፈርምም» አለች ኬሪያ። «እስከ ቅዳሜ ጊዜ አለኝ።»

*

ዓርብ ጠዋት ቤቱን በእጇ ስንዝር ለካችው። ካውሰር ቡና ሳይሆን ትዕግሥት ያለቀባት ሴት ፊት ይዛ ከኋላዋ ትከተላለች።

በርጩማው እግሩ ተፍቋል፤ ከአንድ ስንዝር በታች። መጋረጃው ጠርዙ ተዘልዝሏል፤ ከአንድ ስንዝር በታች። የበሩ መቃን፣ የመጥረጊያው እግር፣ የቁምሳጥኑ ማዕዘን፣ ሁሉም ላይ እንደ ትንሽ ሹካ ጭረት ጥንድ ጥንድ የሆኑ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ቤቱን የጎርፍ ውሃ ሞልቶት የሸሸ ይመስል የጥርሱ ምልክት ዙሪያውን እኩል ከፍታ ላይ ያቆማል። ከየጭረቱ ሥር የእንጨትና የጨርቅ ብናኝ ተበትኗል።

«አትጠርጊም?» አለች ኬሪያ።

«ሐሙስ ጠዋት ጠርጌ ነበር። የአንድ ሰዓት ሥራቸው ነው። ባዕድ ነገር አይውጡም፤ አኝከው ይተፉታል።»

«በረታቸው አንድ ረድፍ ብሎኬት ነው። ዘለው አይወጡም?»

«እነሱ?» ካውሰር ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትስቅ ነበር። «አይጥ መሰሉሽ? አይዘሉም፤ አይወጡም፤ ግድግዳ አያውቁም። ብሎኬቱን አንስቼ ካልለቀቅኳቸው እዚያው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ቤት ውስጥ እለቃቸዋለሁ፤ ልብስ አጥቤ ስጨርስ እመልሳቸዋለሁ።»

ኬሪያ ወደ ፍሪጁ ሄደች። ከወለሉ ጀምራ እጇን እያራመደች ለካች። ገመዱ የተበላው ሦስት ስንዝር ከፍታ ላይ ነው። ከሥሩ አንድ የፕላስቲክ ብናኝ የለም። ገመዱን ከቁስሉ በላይና በታች ቆርጣ ቁራጩን በጋዜጣ ጠቀለለችው።

«ሐሙስ ጠዋት ማን ማን እዚህ ክፍል ገባ?»

«ዐብዲኑር መሰላል ሊመልስ መጣ። አደር ዐቦኮር ሊሰድቡኝ መጡ፤ በሳምንት ሁለቴ ይመጣሉ። ዲሪዬ ፍሪጁን ሊያይ መጣ፤ ባለፈው ወር እሱ ነው የጠገነው፤ ከዚያ ወዲህ በደንብ አልቀዘቅዝ ብሎ ነበር። መብራት ከንጋት ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር ብዙም አልቆየ። መብራቱ የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።»

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«ግቢ፤ ልብስ ላይ። ሻርማርኬ የከብት ገበያ ነበር።»

ኬሪያ ቀና ስትል ከፍሪጁ በር ጥግ ላይ የተጫረ ምልክት አየች፤ ክብ ሆኖ ከሥሩ ሁለት አግድም መስመር። ያንኑ ምልክት ጀሪካኑ ላይ፣ አካፋው ላይ፣ መሰላሉ ላይ ቀድሞ አይታዋለች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የግመሎቹ ምልክት ነው። የአባቱ ነው። ግመሎቹ በድርቅ ካለቁ ወዲህ የገዛውን ዕቃ ሁሉ ሲያትም ኖረ። እኔን የማረኝ መተኮሻ ብረቱን ስለደበቅኩት ነው።» ካውሰር ወደ ፍሪጁ ጀርባ ጠቆመች። «ፍሪጁን የገዛ ዕለት አዘንብዬ ያዝኩለትና ሞተሩ ላይ ሳይቀር በምስማር ጫረበት። ‹ማን ያየዋል?› ስለው፣ ‹ግመልም የሚታተመው እስኪሰረቅ አይታይም› አለኝ።»

ኬሪያ ተንበርክካ ጥቁሩን ሞተር በጨርቅ ወለወለችው። ዙሪያውን በጣቷ ዳሰሰችው። ለስላሳ ነው። ምንም አልተጫረበትም።

*

ዐቦኮር በራቸው ላይ ተቀምጠው በትንሽ ሙቀጫ ጫት እየወቀጡ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ለአሳማ ጠበቃ ሆንሽ አሉ።»

«ደሞዝ ስለማይከፍሉኝ ነፃ ነኝ፣ አደር። ሐሙስ ጠዋት ፍሪጁ ክፍል ምን ያደርጉ ነበር?»

«ከዘራዬን ላሳያት! በረመዳን የተበላ ከዘራ እስካሁን አልካሰችኝም።» ወቀጣውን አቆሙ። «ግን እኔ ኮረንቲ አልነካም። ስሙንም አልወደውም።»

«ይክፈቱት እስቲ አፍዎን።»

«ምን?»

«አፍዎን።»

ሽማግሌው ተቆጡ፤ ግን በቁጣ መሀል አፍ መከፈቱ አይቀርም። ድድ ብቻ ነው።

«ሟቹን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አነጋገሩት?»

«ረቡዕ። ‹ጁምዓ ከሰላት በኋላ መስጊዱ በር ላይ ይጠብቁኝ፤ ሽማግሌዎቹንም ያቁሙልኝ፤ አንድ ሰው ላይ የምናገረው አለኝ› አለኝ። ሚስቱን ሊፈታ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ይህን ለማን ነገሩ?»

«ለማንም። ሲናገር ግን እዚሁ ዲሪዬ ነበረ፤ ሬዲዮኔን እየሠራልኝ። ‹ምን ሊናገር ነው?› ብዬ ብጠይቀው ሬዲዮኑን ሳይጨርስ ሄደ። ይኸው እስካሁን ዝም ብሏል፣ ሬዲዮኑ።»

*

የዲሪዬ ሱቅ ጠባብ ነው፤ የፍሪጅ በሮች፣ የሞቱ ቴፖች፣ የሽቦ ክምር። ዲሪዬ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ወሬ የማያልቅበት፣ ሁሉን «አቦ» እያለ የሚያናግር ሰው ነው። ኬሪያ ገመዱ የተበጠሰ ቴፕ አቀረበችለት።

«ስሠራልሽ ጠይቂኝ፤ እጄ ካልሠራ አፌ አይከፈትም» አለ።

«እውነት እነዚያ እንስሳት ያን ገመድ ሊበሉት ይችላሉ?»

«አቦ፣ ምን ነካሽ! ጥርሳቸው ከፒንሳ ይበልጣል። ሐሙስ ጠዋት ሄጄ ያኔም ተግጦ አየሁት። ‹ሻርማርኬ ይጠንቀቅ› ብዬ ለሚስቱ ልነግራት ነበር፤ ልብስ ላይ ናት ብዬ ተውኳት።»

«ሦስት ስንዝር ከፍታ ላይ?»

«አይጥ ጣሪያ ይወጣ የለ?»

«ፍሪጁ ምን ሆኖ ነበር?»

«እርጅና። እኔም አንድ ቀን አልቀዘቅዝም እላለሁ።» እየሳቀ የቴፑን ገመድ ጫፍ አፉ ውስጥ አስገባ፣ ነክሶ ጎተተ፣ ፕላስቲኩን ወደ ጎን ተፋ። ፒንሳው ጠረጴዛው ላይ፣ ከእጁ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ሲስቅ ከላይኛው የፊት ጥርሶቹ አንዱ መሀሉ ላይ ሽቦ የሚያህል ጎድጓዳ እንዳለው ይታያል፤ የሃያ ዓመት ሙያ ነው።

ኬሪያ የተፋውን ልጣጭ አነሣች። «ለማስታወሻ» አለችው። ዲሪዬ አሁንም ሳቀ።

ከሱቁ ወጥታ ጠዋት ያየችውን ለስላሳ ሞተር እያሰበች፣ ዲሪዬ ሰሞኑን የማንን ፍሪጅ እንደሠራ እየጠየቀች መንገዱን ወረደች። ሁለት ሰው አሳለፈች። ሦስተኛዋ የጁስ ቤት ባለቤቷ ኢስተሂል ናት።

«የኔን!» አለች ኢስተሂል። «ባለፈው ወር ነው። ሞተሩ ሞቶ ሌላ ገጠመልኝ። እንዲህ ቀዝቅዞ አያውቅም፤ ማንጎውን በመዶሻ ነው የምፈልጠው።»

«ላዘንብለው?»

*

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ግቢው ሞላ። ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ፣ ዐብዲኑር ቆሞ፣ ዲሪዬ ከግድግዳው ተደግፎ፣ አዛዡ ሪፖርቱን በኪሱ ይዞ። ከቆርቆሮው አጥር ውጭ ሰፈሩ ተሰልፏል። ካውሰር በረቱ አጠገብ ናት። ለቅቃ ስትሄድ ዕቃዋን የምታስርበትን ገመድ ዐብዲኑር አስቀድሞ አምጥቶ በር ላይ ጥሎላታል። አላየችውም፤ ወይም አይታ ረግጣው አልፋለች።

«ጥያቄው ቀላል ነው» አለች ኬሪያ። «ገመዱን የነከሰው የማን አፍ ነው? ስለዚህ አፍ እናያለን። ካውሰር፣ ከተጠርጣሪዎቹ ትልቁን አምጪልኝ።»

ካውሰር አንድ ቡናማ ጊኒ አቅፋ መጣች። ኬሪያ ግድግዳው ሥር አስቀምጣ ከፊቱ ሣር አንጠለጠለችለት። እንስሳው በኋላ እግሩ ቆመ፣ ተንጠራራ፣ አንድ ስንዝር ላይ ደረሰና ተስፋ ቆረጠ።

«ቁመቱ ይህ ነው። ቤቱን ዞሬ ለክቻለሁ፤ ያኘኩት ሁሉ ከዚህ በታች ነው። ገመዱ የተበላው ሦስት ስንዝር ላይ ነው። ያን ቦታ የመረጠው ሰው እነዚህን እንስሳት አይጥ ናቸው ብሎ የሚያስብ ነው። ካውሰር እንዲህ አትሳሳትም። ባሏን ልትገድል ብትፈልግ የት ድረስ እንደሚደርሱ ታውቃለችና ዝቅ አድርጋ ትሠራው ነበር።»

«አመሰግናለሁ» አለች ካውሰር፣ እንስሳውን መልሳ እያነሣች።

«ሁለተኛ፣ ሲያኝኩ ይተፋሉ። ፍሪጁ ሥር ብናኝ የለም። የነከሰው ልጣጩን በኪሱ ይዞት ሄዷል። ኪስ ያለው ጊኒ አላገኘሁም።» ጋዜጣውን ፈታች። «ሦስተኛ፣ የነሱ ጥርስ ጥንድ ቀጭን መስመር ይጭራል። ይህ ግን ሰፊ ንክሻ ነው። ገመዱ ላይ ከቀረው ሽፋን ዳር፣ መሀል ላይ ያልተቆረጠች አንዲት ቀጭን ዘለላ ቀርታለች፤ ጥርሱ እዚያ ጋ ክፍተት አለው። አሁን ሐሙስ ጠዋት ክፍሉ የገቡት ሦስቱ አፋቸውን ይክፈቱ።»

ዐቦኮር ከሁሉ ቀድመው ከፈቱ፤ ከዓርብ ጀምሮ ንጽሕናቸውን ለሰው ሁሉ ሲያሳዩ ነበር። ዐብዲኑር አንገራገረ፤ የሽማግሌዎቹን ዓይን ሲያይ ከፈተ። ጥርሱ ከጫት አረንጓዴ ነው፣ ግን ሙሉ ነው።

«ዲሪዬ።»

«አፌ የግል ንብረቴ ነው» አለ ዲሪዬ፣ ከንፈሩን ብዙ ሳያላቅቅ።

«ትናንት በነፃ አሳይተኸኛል።» ከኪሷ የቴፑን ልጣጭ አውጥታ ከገመዱ ጎን ለአዛዡ ሰጠችው። ሁለቱም ላይ፣ በዚያው ቦታ፣ ያች ቀጭን ዘለላ አለች።

«አቦ፣ በጥርሱ ሽቦ የማይልጥ ማን አለ?» አለ ዲሪዬ። «ከዚህ እስከ ቱሊ ጉሌድ ያለ ባለሙያ ሁሉ ይልጣል። ደግሞ እኔ ፍሪጁን የጠገንኩ ነኝ! ያኔ የነከስኩት ቢሆንስ?»

«ባለፈው ወር ነክሰኸው ቢሆን ሰውየው ባለፈው ወር ይሞት ነበር። ፍሪጁን በየቀኑ ይከፍተዋል። የነከስከው ሐሙስ፣ መብራት በሌለበት ነው። ሲመለስ አንተ የለህም።»

«ለምን ብዬ? ጓደኛዬ ነው።»

«ኢስተሂል» ብላ ተጣራች ኬሪያ።

ኢስተሂል ከአጥሩ ውጭ ገባች፤ ሁለት ተሸካሚዎች የጁስ ቤቷን ፍሪጅ ሞተር ምንጣፉ ላይ አስቀመጡ። ኬሪያ አገላበጠችው። ክብ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር። ከሽማግሌዎቹ የማያውቀው አልነበረም፤ ያን ምልክት በግመል ታፋ ላይ እያዩ ነው ያረጁት።

«ሻርማርኬ ፍሪጁን ለጥገና ሲሰጥህ ደህናውን ሞተር አውጥተህ አሮጌ አስገባህ። ሰውየው ግን የሚያትም ሰው ነው። ፍሪጁ አልቀዘቅዝ ሲለው ጀርባውን አየና ምልክቱን አጣው። ዓርብ በሽማግሌ ፊት ሊናገር ነበር። ረቡዕ አደር ዐቦኮር በር ላይ ሲናገር ሰማህ። አንድ ጊዜ ከተነገረ ጅግጅጋ ውስጥ ሬዲዮ እንኳ የሚያስጠግንህ አይኖርም።»

ዲሪዬ ሞተሩን አየ፣ ኢስተሂልን አየ፣ በሩን አየ። በሩ ላይ ሁለት ፖሊስ ቆመዋል።

«ላስደነግጠው ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ። «ትንሽ ነዝሮት፣ አልጋ ላይ እንዲውል፣ ጁምዓን እንዲያልፍ። እንደሚሞት አላሰብኩም።»

«መብራቱ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚመጣ ታውቃለህ፤ ሥራህ ነው። ሰውየው ለዐስር በእርጥብ እግሩ እንደሚመጣ ታውቃለህ፤ ጎኑ ትሰግዳለህ። እርጥብ እግር ላይ ኮረንቲ ምን እንደሚያደርግ ከዚህ ሁሉ ሰው የምታውቀው አንተ ነህ።»

ዲሪዬን ፖሊሶቹ ሲወስዱት አፉ እንደተዘጋ ነበር።

አዛዡ ሪፖርቱን ከኪሱ አውጥቶ ለአራት ቀደደው። ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ዐቦኮር ሳይቀሩ «ካውሰር ቤቷ ናት» አሉና ምንጣፉን ትተው መነሣት ጀመሩ። ሁሉም የቸኮለ ይመስላል።

ዐብዲኑር ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ ቀረበ። «ተሳስቼ ነበር። ይቅር በይኝ። በቃ፣ ሰዉ ይሂድ።»

«‹የወንድሜ ገዳይ የካውሰር አውሬ ነው› ያልከው ስንት ቤት ነው?» አለች ካውሰር።

«እንዴት?»

«በየበሩ ዞረሃል። ስንት ነው?»

ዐብዲኑር አጉተመተመ። «አሥራ አንድ።»

«እኔ ዒዳ ላይ ነኝ፤ ከዚህ በር አልወጣም። አንተ ሂድ። እነዚያኑ አሥራ አንድ በሮች አንኳኳ፣ እውነቱን ተናገር። እዚህ ሆኜ እሰማለሁ።»

«ካውሰር፣ ነገ...»

«ዛሬ።»

ሽማግሌዎቹን አየ። ዐቦኮር በከዘራቸው በሩን አመለከቱት።

ካውሰር በርጩማዋን ወስዳ ከቆርቆሮው አጥር ሥር ተቀመጠች፤ ጊኒውን ጭኗ ላይ አድርጋ። ከውጭ የመጀመሪያው በር ሲንኳኳ ተሰማ፤ ከዚያ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ።

«አልሰማሁም» አለች በአጥሩ ላይ።

ከዚያ የዐብዲኑር ድምፅ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ፦ «የወንድሜ ገዳዮች... የካውሰር እንስሳት አይደሉም።»

«አሁንም አልሰማሁም።»

በሦስተኛው በር ላይ መንገዱ ሁሉ ሰማው። በአራተኛው ሳትጠይቀው ጮኸ። ካውሰር ጆሮዋን ከቆርቆሮው አላነሣችም፤ ገና ሰባት ቤት ይቀራል።